መሬቱ ማጨጃውን፣ ማጨጃው ትራክተሩን

«እትዬ፣ ስንት የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር ልግዛ?» የሚል ስልክ በየዓመቱ ሚያዝያ ሲገባ ይበዛብኛል። የሚደውሉት ቨርጂኒያ ውስጥ በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ ዙሪያ ለዓመታት ሠርተው፣ ልጆች አሳድገው፣ አሁን በ29 ቁጥር መንገድ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወርደው በፎኪየር ወይም በከልፔፐር ካውንቲ አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት ኤከር መሬት የገዙ ወገኖች ናቸው። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ከልፔፐር ውስጥ 12 ኤከር ላይ ነው፤ ትራክተሩን የምነዳው እኔ ስለሆንኩ ጥያቄው ለእኔ ይቀርባል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ «ሣሩ ወገብህ ሳይደርስ መሬትህን በእግርህ ዞረኸዋል ወይ?»

መጀመሪያ መሬቱ ላይ የበቀለው ነገር ይታያል። ከዚያ እሱን የሚቆርጠው ማጨጃ ይመረጣል። ትራክተሩ የሚገዛው በመጨረሻ ነው፤ ያንን ማጨጃ በዚያ መሬት ላይ በደህና ተሸክሞ የሚያሠራው ይገዛል። ሻጭ ዘንድ ወሬው የሚጀምረው ግን ከሌላው ጫፍ ነው። ብርቱካናማው ይሻላል ወይስ አረንጓዴው? ወርሃዊ ክፍያው ስንት ነው? ማጨጃው መጨረሻ ላይ እንደ ምርቃት ይጨመራል። ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፤ አንዳንዴም ሰው የሚጎዳው።

ያደግሁት አርሲ ነው፤ ትራክተር ለአርሲ ልጅ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ አሰላን ማዕከሉ አድርጎ የተጀመረው፣ ካዱ በሚል ስም የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አስፋፍቷል፤ በዚያው ዘመን ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን ማስነሳታቸውም የአርሲ ሰው የማይረሳው ታሪክ ነው። ቀዩ ማሲ ፈርጉሰን በእኛ ዘንድ የእርሻ መሣሪያ ነበር፤ ያርሳል፣ ተሳቢ ይጎትታል። ቨርጂኒያ ውስጥ ትንሽ ትራክተር የሚገዛው አብዛኛው ሰው ምንም አያርስም፤ ሣር ያጭድበታል። አገር ቤት ላሉ ዘመዶቼ ይህን ማስረዳት ይከብደኝ ነበር። ከብት የሌለው ሰው ሣር የሚያጭደው ለምንድን ነው?

ምክንያቱ ዝናቡ ነው። በዚህ አካባቢ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ ዝናቡም እንደ አገራችን ክረምት በአንድ ወቅት ተሰብስቦ የሚወርድ አይደለም፣ በአሥራ ሁለቱም ወራት ይከፋፈላል። መስኩን የሸፈነው ፌስኪዩ የተባለው ሣር ከሚያዝያ ጀምሮ ይመዘዛል። ሳይነካ አንድ ዓመት ቢቆይ እሾሃማው ብላክቤሪ ይገባበታል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓመት ላይ ጥድ የሚመስለው ሬድ ሲዳርና ኦተም ኦሊቭ የሚባለው ቁጥቋጦ ይከተላሉ። ኦተም ኦሊቭ ከምሥራቅ እስያ የመጣ ነው፤ በአንድ ወቅት የተጎዳ አፈር እንዲይዝና ለዱር እንስሳት መኖ እንዲሆን በመንግሥት ምክር ጭምር ተተክሎ ነበር፤ ዛሬ ወፎች ፍሬውን በየሜዳው ስለሚበትኑት ማቆሚያ አጥቷል። ግንዱ ከእጅ አንጓ በላይ ከወፈረ ለትንሽ ማጨጃ የማይደፈር ይሆናል። ስለዚህ እዚህ ሣር የሚታጨደው መሬቱ ጫካ እንዳይሆን ነው።

አንድ ኤከር 4,047 ካሬ ሜትር ነው። የእኛ 12 ኤከር ወደ አምስት ሄክታር ይጠጋል፤ በድሮው ልክ የአንድ ጋሻ ስምንተኛ ገደማ መሆኑ ነው። ስንገዛው ወረቀቱ ላይ አንድ መሬት ነበር፤ በእግር ስንዞረው ግን አራት ሆነ። ቤቱ ዙሪያ ሁለት ኤከር ያህል ግቢ አለ። ከግቢው ባሻገር ሰባት ኤከር የሚሆን የቀድሞ የግጦሽ መስክ ተዘርግቷል። መስኩ ወደ ወንዙ የሚወርድበት ቁልቁለት ራሱን የቻለ ቦታ ነው፤ የተረፈው ጫካ ነው። ጎረቤታችን፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ያረቡ አዛውንት፣ ማንኛውም ነገር ከመግዛታችን በፊት በዚህ አገር ክረምት፣ በብርዱ ወራት ሣሩ ሲሞት አብረውን ዞሩ። ነጭ እንጨት እየተከሉ ጉቶውን፣ ድንጋዩን፣ ግራውንድሆግ የሚባለው እንስሳ የቆፈረውን ጉድጓድ ሁሉ ምልክት አደረጉልን። ከድሮ አጥር የቀረ እሾሃማ ሽቦም አገኘን። ሽቦ በማጨጃ ዘንግ ላይ አንዴ ከተጠመጠመ መፍቻና መቁረጫ ይዞ መሬት ላይ ተኝቶ መዋል ነው፤ የዘይት መከላከያ ጎማውን በጥሶ ዘይቱን ያፈሰሰ እንደሆነም ካምቢዮው ይቃጠላል። መሬት የሚያስተምረው ትምህርት በነጻ የሚገኘው በዚያ ወቅት ነው፤ በሰኔ ግን ሣሩ ሁሉንም ሸፍኖታል።

ለግቢው ሣር ትራክተር አያስፈልግም። ሁለት ኤከር ለስላሳ ሣር ለማጨድ ዜሮ ተርን የሚባለው፣ በሁለት እጀታ የሚመራው የግቢ ማጨጃ ከማንኛውም ትራክተር ይፈጥናል፣ በዛፎች መካከልም ይሽሎከለካል። ይህንኑ ማሽን መስክ ውስጥ የሚያስገባው ሰው ግን ቀበቶውንና ስለቱን በአንድ በጋ ይጨርሳል። ለቁልቁለትም አይሆንም፤ የፊት ጎማዎቹ በነጻ የሚዞሩ ስለሆኑ የኋላዎቹ ከተንሸራተቱ አቅጣጫውን የሚይዝለት የለም።

ለመስኩ የሚሆነው ሰው ሁሉ ቡሽ ሆግ የሚለው ነው፤ ይህን ስም የያዘው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1951 አላባማ ውስጥ በሰልማ ከተማ ሥራ ጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው። ወፍራም የብረት ክዳን አለ፤ ከሥሩ በካምቢዮ የሚሽከረከሩ ሁለት ከባድ ስለቶች አሉ። ስለቶቹ በወፍራም ቡሎን ላይ የተንጠለጠሉ ስለሆኑ ድንጋይ ወይም ጉቶ ሲመቱ ወደ ኋላ ይታጠፋሉ። የሚቆርጡት በክብደታቸውና በፍጥነታቸው ነውና ሣሩ ሸካራ ሆኖ ይቀራል፤ ለመስክ ያ በቂ ነው። የግቢ ዓይነት ጥራት የሚፈልግ ሰው ሦስት ስለትና አራት ጎማ ያለውን የማሳመሪያ ማጨጃ ትራክተሩ ኋላ ላይ ሊያስር ይችላል፤ እሱ ደግሞ እንጨት አይችልም። ሦስተኛው ዓይነት ፍሌይል ነው፤ በአንድ ጥቅል ብረት ላይ ብዙ ትናንሽ ስለቶች ተደርድረውበታል። የሚወረውረው ነገር ጥቂት ስለሆነ መንገድና ቤት አጠገብ ለሚያጭድ እሱን እመክራለሁ። ዋጋው ግን ከፍ ይላል፤ ለአንድ ዓይነት ስፋትም ከቡሽ ሆግ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል።

ቡሽ ሆግ ስትመርጡ ከቀለሙ በፊት ዘንጉን እዩ። ከትራክተሩ ኋላ የሚወጣውና ፒቲኦ የምንለው ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል። ስለቱ ጉቶ መትቶ ድንገት ቢቆም ያ ሁሉ ኃይል አንድ ቦታ ላይ ማረፍ አለበት። በርካሾቹ ማጨጃዎች ላይ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ቡሎን ይሰበርና ካምቢዮውን ያድናል። በተሻሉት ላይ ኃይሉ ሲበዛ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን አለ። እንደ እኛ ድንጋይ የበዛበት መሬት ላይ ፍሪሲዮኑ ለተጨማሪው ዋጋ ይገባዋል። እንክብካቤ ግን ይፈልጋል፦ ክረምቱን ውጭ ያደረ እንደሆነ ሳህኖቹ በዝገት ይጣበቃሉ፤ ስለዚህ በፀደይ የስፕሪንጎቹን ዳዶ ላላ አድርጎ አንዴ ማንሸራተት፣ ከዚያ በልኩ መልሶ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ቡሎኑን ለመረጡ ሰዎች የምለው አንድ ነገር ነው፤ ሲሰበር ጠንካራ ቡሎን አትተኩበት። በአምስት ዶላር ቡሎን ፈንታ የመቶዎች ዶላር ካምቢዮ ይሄዳል።

አሁን ወደ ፈረስ ጉልበቱ እንምጣ። ኮፈኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሞተሩ ነው፤ ማጨጃው ጋ የሚደርሰው የፒቲኦው ጉልበት ከዚያ ያንሳል። ለምሳሌ ኩቦታ ኤል2501 የሚባለው ሞተሩ 24.8 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ማርሽ የማይቀያየርበት ሃይድሮስታቲኩ በፒቲኦ የሚያደርሰው ግን 19 ገደማ ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች ለአንድ ጫማ የማጨጃ ስፋት አምስት የፒቲኦ ፈረስ ጉልበት ያሰላሉ። በየዓመቱ የሚታጨድ ቀላል ሣር ከሆነ በአራትም ይሄዳል። አምስት ጫማ ማጨጃ እንግዲህ ከ20 እስከ 25 ይፈልጋል፤ አራት ጫማው ከ16 እስከ 20። ንዑስ ኮምፓክት የሚባሉት ትንንሾቹ፣ ለምሳሌ የኩቦታ ቢኤክስ ወይም የጆን ዲር 1025አር፣ ከአራት ጫማ በላይ ማሰር የሌለባቸው ለዚህ ነው።

ስፋቱ የጊዜም ጉዳይ ነው። አምስት ጫማ ማጨጃ በሰዓት አራት ማይል ቢሄድ፣ መደራረቡና መዞሩ ተቀንሶ፣ በሰዓት ሁለት ኤከር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። የእኛ ሰባት ኤከር ስለዚህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በአራት ጫማው ከአንድ ኤከር ተኩል ብዙም አይዘልም። ለሰባት ኤከር ልዩነቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ለ30 ኤከር ግን ግማሽ የሥራ ቀን ሊጨምር ይችላል።

ኤል2501ን የመሰሉ ትራክተሮች 24.8 ላይ የቆሙት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ የጭስ ሕግ ከ25 የፈረስ ጉልበት በላይ በሆኑ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ጠበቅ ስለሚል፣ አብዛኞቹ አምራቾች ጥቀርሻ የሚይዝ ፊልትሮ ይገጥሙባቸዋል። ፊልትሮው ሲሞላ ሞተሩ ራሱን እያጋለ ጥቀርሻውን ያቃጥላል። በሙሉ ጉልበት ለሰዓታት ለሚሠራ ሰው ችግር የለውም። ለአሥር ደቂቃ አስነስቶ ጠጠር አግዞ ለሚያጠፋው ግን ፊልትሮው ቶሎ ቶሎ ይሞላል። አሥር ኤከር ላይ ላለ ቤተሰብ ከ25 በታች መቆየት ቀላሉ መንገድ ነው እላለሁ።

ከጉልበቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ክብደቱ ነው፤ ሻጮች ስለ እሱ የሚያወሩት ጥቂት ነው። ትንንሾቹ ትራክተሮች ባዶአቸውን 1,500 ፓውንድ አካባቢ ይመዝናሉ፤ ኤል2501 ወደ 2,400 ነው። አምስት ጫማ ቡሽ ሆግ ብቻውን 500 ፓውንድና ከዚያ በላይ ሆኖ ከኋላ ይንጠለጠላል። ቀላል ትራክተር እሱን ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ የፊት ጎማዎቹ መሬቱን ይለቃሉ፤ መሪው ይዞራል፣ ትራክተሩ ግን አይታዘዝም። ፊት ላይ ክብደት ማሰር ወይም ከፊት የሚገጠመውን ሸክም ማንሻ፣ ሎደሩን፣ ሳይነቅሉ ባልዲውን ዝቅ አድርጎ መሄድ ይህን ያስተካክላል። ሎደሩ ሸክም ሲይዝ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያኔ ከኋላ ማጨጃውን ወይም የክብደት ሳጥን ማሰር ግድ ነው። ሸክም ከፍ አድርጎ መዞርማ በፍጹም አይሞከርም።

እዚህ ላይ አየርላንዳዊውን ሃሪ ፈርጉሰንን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ማጨጃችሁን የምታስሩበት ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ የእሱ ሥራ ነው። ከእሱ በፊት ማረሻ ከትራክተር ጀርባ በሰንሰለት ይጎተት ነበር፤ ማረሻው ድንጋይ ሲይዘው የትራክተሩ አፍንጫ ተነሥቶ ወደ ኋላ በነጂው ላይ ይወድቅ ነበር። ፈርጉሰን ዕቃው በሦስት ነጥብ ተይዞ የትራክተሩ አካል እንዲሆንና ከላይ ያለው ዘንግ አፍንጫውን ወደ መሬት እንዲጫነው አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1938 ከሄንሪ ፎርድ ጋር በእጅ መጨባበጥ ብቻ ተስማሙ፤ በ1939 ፎርድ 9ኤን የተባለው ትራክተር ወጣ። በልጅነቴ አርሲ ላይ የማየው ቀይ ትራክተር የፈርጉሰንን ስም የያዘው ኋላ ከማሲ ሃሪስ ጋር ስለተዋሐደ ነው። ዛሬ ማንኛውም ኮምፓክት ትራክተር ይህንኑ ማያያዣ ስለሚጠቀም የአንዱን ድርጅት ማጨጃ በሌላው ትራክተር ላይ ማሰር ይቻላል።

የፈርጉሰንና የፎርድ አሮጌዎቹ ትራክተሮች ዛሬም በርካሽ ይሸጣሉ። በተለይ ከ1947 እስከ 1952 የተሠራው 8ኤን በየመንደሩ አለ። ውበታቸውን እወዳለሁ፤ ለቡሽ ሆግ ግን ለጀማሪ አልመክራቸውም። ፒቲኦአቸው ከጎማው ጋር በአንድ ፍሪሲዮን ስለሚሠራ፣ ፍሪሲዮኑን ብትረግጡም የከባዱ ስለት ዙረት ተመልሶ ትራክተሩን ወደ ፊት ይገፋዋል። አጥር ወይም ወንዝ ፊት ለፊት ካለ ይህ አደጋ ነው። በዘንጉ ላይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ማገናኛ ሳይገጠም እንዲህ ያለ ትራክተር ማጨጃ ማዞር የለበትም። ሌላው ርካሽ ነገር ጃፓን ውስጥ ለሩዝ ማሳ ተሠርተው አገልግለው የመጡት ትራክተሮች ናቸው። ሞተራቸው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለአሜሪካ ገበያ ስላልተሠሩ ግን መለዋወጫቸው ያስቸግራል።

ያገለገለ ስትገዙ ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሱ። ባለቤቱ ቀድሞ አስነስቶ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። የሃይድሮሊክ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ግራሶ የሚገባባቸው ጫፎች ደርቀው አቧራ ከለበሱ፣ የሰዓት መቁጠሪያው የሚያሳየው ቁጥር የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን ማሽኑ ተጠብቆ አልኖረም ማለት ነው። የማንኛውም ድርጅት ትራክተር ይበላሻል። ስለዚህ በቅርብ ያለና መለዋወጫ የሚያስቀምጥ ሻጭ ከኮፈኑ ስም ይበልጥብኛል።

ማርሽ ወይስ ሃይድሮስታቲክ? ለማጨድ ሃይድሮስታቲኩ ይሻላል፤ እንቅፋት ባያችሁ ቁጥር ፍሪሲዮን ሳትረግጡ በፔዳል ብቻ ትቆማላችሁ፣ ወደ ኋላ ትመለሳላችሁ። በጎማ በኩል ሰፋፊና ለስላሳው የግቢ ጎማ በእኛ ቀይ ሸክላማ አፈር ላይ ዝናብ በዘነበ ማግስት አቅም የለውም።

ሰዎች ብዙም የማይጠይቁኝ መቼ ማጨድ እንዳለባቸው ነው። ድርጭትና ሜዶላርክ የሚባለው ወፍ ጎጆአቸውን መሬት ላይ በሣር ውስጥ ይሠራሉ፤ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ መካከል እንቁላልና ጫጩት አለ። በሰኔ የአጋዘን ግልገሎች እናታቸው ትታቸው ስትሄድ ሣር ውስጥ ተኝተው ይቀራሉ፤ ትራክተር ሲመጣ አይሮጡም፣ መሬት ላይ ይበልጥ ይለጠፋሉ። ሰባቱን ኤከር በየወሩ ማጨድ ምንም ጥቅም የለውም። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ወይም በክረምት መጨረሻ ማጨድ ቁጥቋጦውን ለመያዝ ይበቃል፤ ናፍጣውም ጊዜውም ይተርፋል። መራመጃ መንገድ ከፈለጋችሁ በመሐሉ አንድ መሥመር ክፈቱ፤ መዥገርም እንዳይይዛችሁ ይረዳል።

ጭራሽ ትራክተር የማያስፈልጋችሁም ልትሆኑ ትችላላችሁ። መስኩ ድርቆሽ የሚሆን ሣር ካለው ጎረቤት ከብት አርቢ አጭዶ ሊወስደው ይችላል። የግብር ቅናሽም ሊኖር ይችላል፦ በቨርጂኒያ የእርሻ መሬት ግብር ቅነሳ ፕሮግራምን በተቀበሉ ካውንቲዎች ቢያንስ አምስት ኤከር በእውነተኛ እርሻ ላይ የዋለ መሬት ዝቅ ባለ ግምት ይቀረጣል፤ ድርቆሽም ሊቆጠር ይችላል። ዝርዝሩ ከካውንቲ ካውንቲ ስለሚለያይ በቅድሚያ የካውንቲው ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ያሻል፤ የመሬቱ አገልግሎት ሲቀየር ያለፉትን ዓመታት ልዩነት ያስከፍላልና።

ይህ ሁሉ ታይቶ ትራክተር የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ፍርዴ ይኸው ነው። ከአምስት ኤከር በታች ሜዳማ መሬት ላለው ትንሹ ትራክተርና አራት ጫማ ማጨጃ ይበቃዋል። ከአሥር እስከ ሃያ ኤከር፣ ቁልቁለት ያለበት ከሆነ፣ ከ25 የፈረስ ጉልበት ጥቂት ዝቅ ያለ፣ ከ2,400 ፓውንድ ያላነሰ፣ በአራት ጎማ የሚነዳ ትራክተር፣ አምስት ጫማ ቀለል ያለ ቡሽ ሆግ ከነፍሪሲዮኑ። አዲሱን ከሎደር ጋር ስትገዙ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ ያ ገንዘብ ከሌለ ሰው ቀጥሮ ማሳጨድ ነውር የለውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ከመቀመጫው ጀርባ የቆመውን የብረት ፍሬም ተመልከቱ። በአሜሪካ እርሻ ላይ ከሚሞቱት ብዙዎቹን የሚገድለው የትራክተር መገልበጥ ነው። አምራቾች እ.ኤ.አ. ከ1985 ወዲህ ከ20 የፈረስ ጉልበት በላይ በሆኑ ትራክተሮች ላይ ፍሬሙን እንደ መደበኛ ዕቃ ይገጥሙታል፤ ከቀበቶ ጋር ሲሆን ከሞት የመጠበቅ አቅሙ 99 በመቶ ገደማ ነው። ፍሬሙ ቆሞ ቀበቶ ካልታሰረ ነጂው ተወርውሮ ፍሬሙ ራሱ ይጫነዋል። ጋራዥ ለማስገባት ፍሬሙን ያጠፋችሁ እንደሆነ ስትወጡ መልሳችሁ አቁሙት። ቁልቁለትን ወደ ጎን አትቁረጡ፤ ወደ ላይና ወደ ታች ሂዱ፤ የሚያስፈራችሁን ቦታ ተዉት፣ ዛፍ ይብቀልበት። ከመቀመጫው ከመውረዳችሁ በፊት ፒቲኦውን አጥፉ፤ የሚዞር ዘንግ የነጠላ ጫፍ ወይም የሱሪ እግር ከያዘ ሰው እጁን ለመሳብ ጊዜ አያገኝም። ቡሽ ሆግ ድንጋይ እስከ መቶ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊወረውር ስለሚችል፣ ሲሠራ ልጆች ቤት ይግቡ። ልጅ ጭን ላይ አስቀምጦ መንዳት ደስ የሚል ፎቶ ይወጣዋል፤ ነገር ግን ትራክተሩ የተሠራው ለአንድ ሰው ነው።

አሮጌ ትራክተር በርካሽ አግኝታችሁ ፍሬም ከሌለው፣ እባካችሁ ተገጥሞለት ቀበቶም እስኪኖረው ድረስ አትውጡበት።